ዳቦ ያሰረው ምድጃ

ሚስቴ ከቤት ስትወጣ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሲጮህ አጥፋው፤ ሌላ ምንም አትንካ።"

እስቲ ይሄ ያልገባው ሰው እጁን ያውጣ። ማንም የለም። አያችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቅ ነበር፤ እናንተም ወደ ጉዳያችሁ፣ እኔም ወደ ጉዳዬ። ችግሩ እኔ የሂሳብ መምህር መሆኔ ነው። በሂሳብ "ምንም" ራሱን የቻለ ነገር ነው። ምልክት አለው፣ ስም አለው፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቦታ ይይዛል። "ምንም አትንካ" ስባል እጄ ያንን ምንም ፍለጋ ይሄዳል።

ሚስቴ እናኑ አዋላጅ ነርስ ናት። ከእሷ ጋር ደብረ ታቦር ገበያ የወጣ ሰው ሽንኩርት ሳይገዛ ይመሻል። በየመደቡ አንዷ እናት ብድግ ትልና "ያቺ ልጅሽ እኮ ትምህርት ቤት ገባች!" ትላታለች። እሷ ትስቃለች፣ ይተቃቀፋሉ፤ እኔ ዘንቢል አንጠልጥዬ የማላውቃቸውን ልጆች ጉንጭ ስስም እቆያለሁ። ሥራዋ ሰዓት የለውም። ምጥ ቀጠሮ አያከብርም።

በዚያን ቀንም አላከበረም። የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሶ ዋዜማው ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ወንበሩ ከጎረቤት ተለቅሟል፣ የቀረው ድፎ ዳቦው ብቻ። እናኑ ሊጡን ከጠዋት ጀምሮ ስታባብለው ውላ፣ ኩፍ ሲልላት በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ኦቨኑ ውስጥ ከተተችው። በሩን ከመዝጋቷ ስልኳ ጮኸ። ጤና ጣቢያ አንዲት ወላድ ምጡ ከበድ ብሏታል፤ ተረኛዋ ባልደረባዋ ብቻዋን ናት። እናኑ ሹራቧን እየለበሰች ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግራኝ በባጃጅ በረረች። የማኅበሩ ዳቦ በእኔ አደራ ቀረ።

ስለ ምድጃው ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ነው፤ ላዩ መስታወት፣ ታቹ ኦቨን፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ጠባብ መስኮት ያለው። የሰጠን የእናኑ ወንድም ይርጋ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጠበብ ያለ ቤት ሲገባ ማስቀመጫ አጣና በአይሱዙ ጫነልን። ዕቃው ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ሙሽራ እንደመጣ ወጥቶ አየው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። የይርጋ ቤት ሰዎች ንጽሕና ስለሚወዱ ሲፈትጉት ኖረው የቁልፎቹን ጽሑፍ ከነመልኩ አጥበውታል። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሆነ የምታውቀው እናኑ ናት፤ እሷም በቃሏ።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ግሩም ዘበኛ ነበርኩ። ውጭ የጉና ተራራ ብርድ በር ይገፋል፣ ወጥ ቤቱ ሞቅ ብሏል፣ የዳቦው ሽታ ቀስ እያለ እየመጣ ነው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እኔ ግን ፈለግኩ። ዳቦው እንዴት እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። የኦቨኑ መስታወት ጨለማ ነው፤ ውስጡ መብራት እንዳለው ግን አውቃለሁ፤ እናኑ ስታበራው አይቻለሁ። በዚህ በኩል ያለውን ነበር የነካችው? ወይስ በዚያ?

በዚህ በኩል ያለውን ነካሁት። ምንም። ጫን አልኩት። አሁንም ምንም። አጠገቡ ያለውን ጫን አድርጌ ያዝኩት።

ምድጃው "ቀጭ" አለ።

ቀጭ የሚለው ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚከፈት ቀጭ አለ፣ የሚቆለፍ ቀጭ አለ። ይሄ የእስር ቤት ነበር። የኦቨኑን እጀታ ሳብኩት፣ አልመጣም። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። ያኔ ምድጃው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮህ ጀመር፤ በዚያች ጠባብ መስኮት ላይም "ኤፍ አምስት" ብሎ ጻፈ።

"ሲጮህ አጥፋው" ብላኛለች። ማጥፊያውን ግን አላሳየችኝም። ያገኘሁትን ሁሉ ነካካሁ። ኤፍ አምስት ጠፋና "ኤፍ ሁለት" መጣ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ደስ አለኝ። ከአምስት ወደ ሁለት ወረደ ማለት እንደ ትኩሳት ነው፤ እየተሻለው ነው። እጀታውን እንደገና ሳብኩ። "ኤፍ ዘጠኝ።" አገረሸበት።

በዚህ መሐል ኦቨኑ መጋሉን ጨመረ። ፊቴን ገረፈኝ። እናኑ የሞላችው ሙቀት ይሄ እንዳልሆነ ለመረዳት የሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ውስጥ ያለው ሊጥ ዳቦ ሳይሆን ሊከስል ነው። ወደ ይርጋ ደወልኩ።

"ይርጋ! ምድጃው ተቆለፈብኝ!"

"ምን ተቆለፈ?"

"በሩ! ዳቦው ውስጥ ነው! ኤፍ ዘጠኝ ይላል!"

ሳቀ መሰለኝ፣ ወይም ኔትወርኩ ነው። "...ነክተኸው ነው... እጀታውን እንዳት... አጥፋው፣ ከቆጣሪው... እስኪ..." ብሎ ጠፋ። ብደውል፣ ብደውል፣ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ሆነ።

ከቆጣሪው አጥፋው ብሏል፤ ይሄ ግልጽ ነው። ግቢው መግቢያ ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሮጬ ትልቁን ማጥፊያ ወደ ታች ደፋሁት። ምድጃው ዝም አለ። ሰፈሩ ዝም አለ። ጀግንነት ተሰማኝ።

ጀግንነቱ የቆየው ከመንገድ ዳር ካለው ክፍላችን ጩኸት እስኪሰማ ነው። ያንን ክፍል ለፀጉር አስተካካዩ ለሀብታሙ አከራይተነዋል፤ መብራቱም ከእኛው ቆጣሪ ነው። ሀብታሙ መላጫውን በእጁ እንደያዘ ብቅ አለ። ከኋላው አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረላቸው አንድ ሽማግሌ ይከተሉታል።

ሽማግሌው አቶ ጓንጉል ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን። ለነገው ማኅበር ራሳቸውን ሊስተካከሉ መጥተው ኖሯል። የቀኙ ጎናቸው እንደ እንቁላል ተላጭቶ ያበራል። በግራው በኩል ሽበታቸው ጉና ላይ እንዳደረ በረዶ ተከምሯል።

"የኔ ልጅ" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "መብራቱን ያጠፋኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አቶ ጓንጉል፣ ይቅር ይበሉኝ። ምድጃው ዳቦውን ይዞ ተቆለፈ።"

"የማንን ዳቦ?"

"የማኅበሩን።"

ይሄኔ ስለ ፀጉራቸው መናገር ተዉ። የማኅበሩ ዳቦ የእሳቸውም ጉዳይ ነው። ጨርቃቸውን እንደ ካባ አጣፍተው ወጥ ቤት ገቡ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እንድነግራቸው አዘዙ። ነገርኳቸው። ቁልፍ መነካካቴን ሳሳጥረው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው "እሱን ድገመው" አሉ። ደገምኩት።

"እንግዲህ" አሉ ስጨርስ፣ "ይሄ ዳቦ የተያዘው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ለእንዲህ ያለው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነበር የሚቀርበው። ግን ለማን ይቀርባል? ኤፍ የሚለው ምን ማለቱ ነው?"

"ኤፍማ መውደቅ ነው" አለ ሀብታሙ። "እኔ ካርዴ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።"

እኔ ደግሞ አምስት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ የሚሉትን ቁጥሮች አሰላስል ነበር። አምስትና ሁለት ልዩነታቸው ሦስት ነው፤ ዘጠኝ የሦስት ብዜት ነው። አንድ ሥርዓት አለው፣ አንድ ሰው ሊነግረን የፈለገው ነገር አለ። ይሄን ጮክ ብዬ ስናገር አቶ ጓንጉል በዚያ በግማሽ ራሳቸው ትክ ብለው አዩኝና "ተማሪዎችህን እግዜር ይሁናቸው" አሉ።

መብራቱን ብንመልሰውስ አልን። ሀብታሙ ወደ ቆጣሪው ሄደ። ገና ማጥፊያውን ከማንሳቱ ምድጃው ያቋረጠውን ጢጥ ጢጥ ካቋረጠበት ቀጠለ። እኔ እጀታው ላይ ተንጠለጠልኩ። ኤፍ አምስት! ደግሞ ይግል ይሆናል ብለን ፈራንና "አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ። ሀብታሙ አጠፋው። "አንድ ጊዜ ብቻ አብሩልኝ፣ ይችን ግራዬን ይጨርስልኝ" አሉ አቶ ጓንጉል። በራ። ጢጥ ጢጥ። ጠፋ። እንዲህ ስናበራ ስናጠፋ ከመንገድ ማዶ ባለሱቋ ዘሃራ ሻርፗን እያስተካከለች መጣች።

"መምህር፣ ምነው? ግቢያችሁ ጭፈራ ቤት ሆነ እኮ፤ ብልጭ ድርግም ይላል።"

የሆነውን ነገርናት። ዘሃራ ብልህ ሴት ናት፤ ቁጥሩን አልጠየቀችም፣ ጠጋ ብላ አሸተተች።

"አላረረም" አለች። "ኮባው ነው የሸተተው። ዳቦው ደኅና ነው።" ቀጥላም እንዲህ አለች፤ "ደግሞ ባይሆን ምን ችግር አለ? ዱቄት ከሱቅ አመጣለሁ። እናኑ ስትመጣ እኔ ቤት አብረን እንለነቁጠዋለን። ማኅበራችሁ ዳቦ አያጣም፤ እኔ እያለሁ?"

 በዚያ ሁሉ ሰዓት የሰማሁት የመጀመሪያ ደግ ቃል ይሄ ነበር። ያኔ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምናለበት? ግን "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ያሉት ለእኔ ነው። ፀጉሩን ሊስተካከል ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የባጃጅ ሹፌር በጩኸቱ ተስቦ መጥቶ ነበርና ጎማ የሚፈታበትን ረጅም ብረት አቀበለኝ።

"በዚህ ፈልቅቀው" አለኝ።

የብረቱን ጫፍ በበሩ ስንጥቅ አስገባሁ። በግራ እጄ እጀታውን ጨበጥኩ። አቶ ጓንጉል "በሕግ ፊት ይሄ ሰብሮ መግባት ነው" ይሉኛል። ሀብታሙ "አይዞን ጋሼ!" ይላል። ትንፋሼን ሰብስቤ ልጫን ስል፣

"መንታ!" አለ ከበር ላይ አንድ ደስ ያለው ድምፅ። "መንታ ነው የወለደችው! ሁለቱም ደኅና..."

እናኑ ነበረች። ፊቷ ደክሟል፣ ግን ይስቃል። ፈገግታው ከእኔ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ አቶ ጓንጉል ግማሽ ራስ፣ ከዚያ ወደማታውቀው የባጃጅ ሹፌር ሲሻገር ቀስ በቀስ እየተንጠፈጠፈ አለቀ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርን። እጇን አነሳች። 

"መቼ ጀመረው?" አለችኝ። ይሄ የምጥ ጥያቄዋ ነው፤ ለምድጃም ያው።

"አንቺ ከሄድሽ ትንሽ ቆይቶ።"

"ማን ጎተተው?"

"እኔ።"

"እሺ። ልቀቀው።"

እጀታውን አሁንም እንደያዝኩት ነበርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው።

"እኔ ዛሬ ስል የቆየሁት ይሄንኑ ነው" አለች ሹራቧን እያወለቀች። "አባትየው ከበር ላይ ሆኖ 'እባክሽ ጎትቺልኝ' ይላል። በር የሚከፈተው ሲደርስ ነው፤ የሚጎተት ነገር የለም።"

ከዚያ በራሷ ስልክ ወንድሟ ጋ ደወለች። ለእኔ እምቢ ያለው ኔትወርክ ለእሷ ጥርት ብሎ ገባ። የይርጋን ድምፅ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው።

"እኔማ ነግሬው ነበር" አለ ይርጋ እየሳቀ። "የነካው ራሱን የሚያጸዳበትን ቁልፍ ነው። ያንን ሲነኩት ምድጃው ውስጡ ያለውን ቅባት በእሳት አቃጥሎ ሊጠርግ በጣም ይግላል፣ ሰው እንዳይቃጠል ደግሞ በሩን ይቆልፋል። ሳይቀዘቅዝ አይከፍትም። ኤፍ ምናምን የሚለው መቆለፊያው ቦታውን ሲስት ነው።"

"ለምን ይስታል?" አለች እናኑ።

"ሰው ሲጎትተው ነዋ!"

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በጎተትኩ ቁጥር እሱ ቁጥር ይጽፋል፤ እሱ በጻፈ ቁጥር እኔ እጎትታለሁ። ሥርዓት አለው ብዬ ነበር፤ ለካ ሥርዓቱ እኔው ነኝ።

"ታዲያ መብራቱን ማጥፋቱስ?" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"እሱማ ባታጠፋው ዳቦው አመድ ነበር። ደግ አደረግክ። ግን ከቆጣሪው ሳይሆን ከጎኑ ግድግዳው ላይ ካለው ማጥፊያ ነበር ያልኩህ፣ ሰፈር ማጨለም ምን አስፈለገ?"

እናኑ ከምድጃው ጎን ካለው ቁም ሣጥን ጀርባ እጇን ሰድዳ የግድግዳውን ማጥፊያ ዘጋች፣ ሀብታሙንም ቆጣሪውን እንዲያነሳ ላከችው። መብራቱ መጣ። ምድጃው ዝም እንዳለ ነው። አቶ ጓንጉል ግራ ጎናቸውን ሊያስጨርሱ ሄዱ፣ እኛም እንጠብቅ ጀመር።

የማዋለድን ሥራ ምንነት ያወቅኩት ያኔ ነው፤ አብዛኛው መቀመጥ ነው። እናኑ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ስለ መንታዎቹ ታወራለች። ዘሃራ ዱቄቱን ለማንኛውም ብላ አምጥታ አጠገቧ አስቀምጣለች። የባጃጁ ሹፌር ሥራ አለኝ እያለ አልሄደም። አቶ ጓንጉልም ሁለት እኩል ጎን ሆነው ተመለሱና ተቀመጡ። ማንም ማንንም ውጣ አላለም፣ ማንም መውጣት አልፈለገም። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ ደብቄያለሁ።

እናኑ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። "ለብ ብሏል" አለች። ማጥፊያውን ከፈተች። ምድጃው አንድ ጊዜ ጢጥ አለ። "ማንም እንዳይጠጋ" ብላ ዳር ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን አደረገች።

ቀጭ።

ይሄኛው የሚከፈተው ነበር። በሩን ስትስበው ያለ ምንም ትግል መጣ። እንፋሎቱ ወጣ። ጠርዙ የጠቆረውን ኮባ በጣቷ ጫፍ ገለጠችው። ዳቦው ሊጡ ከነበረበት እጥፍ ሆኖ፣ ፊቱ ከቡና ትንሽ ጠቆር ብሎ፣ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ተቀምጧል። ዘሃራ እልልታዋን ለቀቀችው።

"ወንድ ነው ሴት?" አለች መሐል ላይ አቁማ።

"ድፎ ነው" አለች እናኑ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰንደዶ መዝዛ መሐሉን ወጋችው፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ታቹን በጣቷ ደበደበችው፤ እንደ ከበሮ ድም አለ። ከዚያ ዞር ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግንባሬ ላይ ያለውን ላብ ባወለቀችው ሹራብ እጅጌ ጠረገችልኝ። አልተቆጣችኝም። ለምን እንዳልተቆጣችኝ አልጠየቅኩም፤ አንዳንድ ቁልፍ ሳይነኩት ጥሩ ነው።

በማግስቱ ማኅበሩ ገባ። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ። ቅርፊቱ ከጥርስ በታች ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሴቶቹ "እንዲህ ያለ ቅርፊት እንዴት አመጣሽው?" እያሉ እናኑን ከበቧት። አቶ ጓንጉል ነገሩን እንደ ችሎት ከመጀመሪያው አንሥተው ተረኩት፤ የእኔን ስህተት አንዱንም ሳይዘሉ፣ አንዳንዱንም ጨምረው። ቄሱ ሳይቀሩ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ። ሰው በራሱ ላይ ከልቡ ሲስቅ ጠላው ይጣፍጠዋል።

እንግዶቹ ሲሸኙ እናኑ አንድ ትልቅ ቁራሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችና "ና፣ መንታዎቹን እንያቸው" አለችኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ አባትየውን አገኘነው። ከፋርታ ገጠር የመጣ፣ ቀጠን ያለ ገበሬ ነው፤ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጭንቀትና በደስታ መሐል ቆሟል። እናኑ የእናቲቱን ድርሻ ይዛ ስትገባ እሱን "አንተም ቅመስ" ብላ ቆርሳ ሰጠችው። እህል ከቀመሰ የቆየ ይመስለኛል። እዚያው እንደቆመ፣ ፍርፋሪው እንዳይወድቅ መዳፉን ከአገጩ ሥር ዘርግቶ በላ። ሲጨርስ መዳፉን ላሰ።

"ወይ ዳቦ!" አለ። "ማን ጋገረው?"

እናኑ ከውስጥ ሆና "እሱ ነው" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ሰውየው ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እጆቼን። ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። ግን ሰውየው ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ያገኘ፣ ጠግቦም የቆመ ሰው ነው። ሁለቱንም እጆቼን ያዘና፣

"እጅህ ይባረክ" አለኝ።

"አሜን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።